መጥረጊያ ሲያይ የሚነሳ በሽታ

«የእሷ በሽታ እኮ የሚነሳው መጥረጊያ ስታይ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው። ተናጋሪዋ አማቷ ናቸው፤ ሰሚዋ ደግሞ ከግንቡ ወዲያ የምትኖረው፣ ሰፈሩ በሙሉ «ራዲዮ» እያለ የሚጠራት ጎረቤታቸው። ራዲዮ ጆሮ የገባ ወሬ መንደሩን ለመዞር የሻይ ውሃ እስኪፈላ እንኳ አይፈጅበትም። አማቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክሳቸውን ቀጠሉ። ስፌት ቤት ስትሄድ ደህና ናት፣ ከባሏ ጋር ስትሳሳቅ ደህና ናት፣ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ደህና ናት፣ ቤቱን ጥረጊ ሲሏት ግን ደረቷን ይዛ ቁጭ ትላለች። በዚህ ዕድሜያቸው ሥራ መርጦ የሚመጣ በሽታ አይተው እንደማያውቁም ጨመሩ። ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ለመስማት ትንፋሿን ያዘች፤ ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ለእሷ የሚመከር ነገር አይደለም። ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ጉሮሮዋን ሲበላት ቆየና ሳሉ አመለጣት። ከግንቡ ወዲህም ወዲያም ጸጥ አለ። ከዚያ አማቷ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቁ፤ ራዲዮም ዋጋውን ከነሳንቲሙ ተናገረች።

እውነቱን ለመናገር አማቲቱም ብዙ አይፈረድባቸውም። አስም እንደ ሌላው በሽታ ማስረጃ ትቶ የሚሄድ አይደለም። ያተኮሰው ሰው ግንባሩ ይዳሰሳል፣ እግሩ የተሰበረ ጀሶውን ያሳያል። አስም ግን ይመጣና የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ለግማሽ ሰዓት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ያደርጋል፤ ንጹሕ አየር ያገኘች እንደሆነ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዓይኗ በርቶ፣ ፀጉሯን አበጥራ ስትወጣ ላያት ሰው «ቅድም ልሞት ነበር» ብትል ማን ይሰማታል? ባሏ ያምናታል። ግን ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰው ሳይነሳ ወጥቶ ዐሥር ሰዓት ላይ ስለሚመለስ የሚያምናት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ስትኖር እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን አፋቸውን ሞልተው «ምራቴ ሰነፍ አይደለችም» እንዲሉላት። ሌላው ቢቀር ለራዲዮ።

የቤቱ ክብር በሙሉ ያለው እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ነው። አባወራው በሕይወት ሳሉ የገዙት ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸፍኖታል። ፀሐይ ቀለሙን እንዳትበላው መስኮቱ አይከፈትም፣ በጫማ የሚረግጠው የለም፣ ሻይ የያዘ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ አማቷ ዓይናቸውን ከብርጭቆው ላይ አያነሱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምንጣፉ ደጅ ወጥቶ ገመድ ላይ ይሰቀልና በዱላ ይደበደባል፤ ከሥሩ ያለው ወለልም በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል። ደብዳቢዋም ጠራጊዋም ምራት ናት። አማቷ «ጉልበቴን» ስለሚሉ፣ ልጃቸው ካገባ ወዲህ መጥረጊያ በእጃቸው አልነኩም።

የዛሬው ቅዳሜ ግን ምራቲቱ ማንም ሳይጠይቃት ተነሳች። የሰማችው ነገር አንጀቷን አቃጥሏታል። የጥርስ ብሩሹን ወርውራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ምንጣፉን ጎትታ አወጣችና የተናገሩባትን ቃል የምትደበድብ ይመስል አንድ ሁለት እያለች አወረደችበት። በዐሥረኛው ዱላ ዙሪያዋ በብናኝ ተሸፈነ። ወለሉን መጥረግ ስትጀምር ደረቷ ሲር ሲር ማለቱን ሰማችው፤ ሰምታም ዝም አለችው፤ ዛሬስ ሞቼም ቢሆን እጨርሳለሁ ብላ ነበርና። አልጨረሰችም። ወለሉን ሳታዳርስ መጥረጊያውን ጥግ አቁማ፣ ምንጣፉን እንደምንም መልሳ አንጥፋ ግድግዳውን ተደገፈች።

እዚህ ላይ ግንብ ተደግፈው ሲያሟት የነበሩትን ሴትዮ ማየት ነበር። እየሮጡ መጡ። ክንዷን ደግፈው በዚያው በተከበረው ምንጣፍ ላይ፣ ማንም እንዲተኛበት በማይፈቀድበት ላይ፣ አስተኟት። ብርድ እንዳይመታት በሩን ዘጉ፤ መስኮቱማ ድሮም ዝግ ነው። ሳጥን ከፍተው ለወራት ታጥፎ የኖረውን ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ አራግፈው እስከ አገጯ ሸፈኗት። «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» እያሉ ጀርባዋን አሹላት። በዚህ ቤት ሰው ሲታመም የሚሰጠው ክብር ይኸው ነው፤ ምርጡ ክፍል፣ ምርጡ ምንጣፍ፣ ምርጡ ብርድ ልብስ። እሷ ደግሞ ክብሩ እያፈናት ከብርድ ልብሱ ሥር ወደ ቀሚሷ ኪስ እጇን ሰደደች፤ አፍ ላይ ተደርጋ የምትነፋውን ሰማያዊ መድኃኒት በስውር አውጥታ፣ ጭንቅላቷን ተሸፋፍና ሁለቴ ተጫነቻት። ስውር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አማቷ ያቺን ነገር የለመደ ደረት ሁለተኛ በራሱ አይተነፍስም፣ ሱስ ናት ብለው ያምናሉ። ትንሽ ቀለል ሲላት ሽንት ቤት ብላ ወጣች፤ ደጅ ቆማ አየር ሳበች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ቆመች። በሩ ላይ አማቷ አዩዋት፤ ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አዩ፤ መልሰው እሷን አዩ። ያ አስተያየት ከጠዋቱ ሐሜት ይልቅ አመማት።

ስፌት ቤቱ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ አምስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ የተከፈተ በር። በዚህ ሰሞን የተማሪ ዩኒፎርም ነው የሚሰፋው፤ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ባለቤቱን ሠራተኞቹ «ባለ ሜትሩ» ይሉታል፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፣ ሠርጉም ላይ አድርጎት ነበር እየተባለ ይወራል። ሰውየው ከዱቤ ጠያቂ ይልቅ የጨርቅ ብናኝ ይጠላል፤ ጠዋት መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ወለሉም ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቁርጥራጭ መሬት የነካ እንደሆነ ተነጫንጮ ያስነሳል። ልብስ ሰፊዋ እዚህ ገብታ መኪናዋን ስትረግጥ ዘፈን ይመጣላታል። ዛሬም መጣላት፤ ግን መሀል ላይ አቋረጠችውና የሰማችውን ሁሉ አጠገቧ ለተቀመጠችው ቁልፍ ተካይ ነገረቻት። እየሳቀች ነው የነገረቻት፤ ስትጨርስ ግን ሳቋ አብሮ አለቀ።

ቁልፍ ተካይዋ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ወንድሟም እንደዚሁ እንደነበረ አጫወተቻት። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ቅዳሜም ጭምር እስከ ስድስት ሰዓት ደረት ብቻ የምታይ ነርስ አለች፤ ወንድሜ ከእሷ ወዲህ ኳስ ይጫወታል አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ታክሜያለሁ ብላ ተከራከረች። ታክማለችም። ከስምንት ወር በፊት ኮሪደሩ በበሽተኛ የተጨናነቀበት ሐኪም በሁለት ደቂቃ ሁለት የሚነፉ መድኃኒቶች ጽፎላት፣ «ተጠቀሚባቸው» ብሎ ቀጣዩን አስጠርቷል። ታዲያ ምን ትጠይቅ? ቁልፍ ተካይዋ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ብሂል አስታወሰቻትና ቦርሳዋን ከሥሯ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ባለ ሜትሩ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና ሳይል፣ እንግዲያው ስትመለሺ ዐሥራ አራት ቁጥር መርፌ ገዝተሽ ነይ አላት። ደግነቱን ያለ መልእክት መስጠት አያውቅበትም።

ነርሷ ከልብስ ሰፊዋ በዕድሜ ታንሳለች፤ ትልቅ መነጽር አድርጋለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ቂጡ የተቆረጠ ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሯል። ጥያቄ አበዛች። ሳሉ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሻል? ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ሰማያዊዋን በሳምንት ስንቴ ትጠቀሚያለሽ? «በሳምንት ነው በቀን?» ብላ ልብስ ሰፊዋ መልሳ ስትጠይቃት ነርሷ መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ ምን ስታደርጊ ነው የሚነሳብሽ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት የሰማችው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጧል፤ ልታወጣው አፈረች፣ ልትውጠው አልቻለችም። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየች ተናገረችው።

«አማቴ፣ መጥረጊያ ስታይ ነው ይላሉ።»

ነርሷ ትስቃለች ብላ ጠብቃ ነበር። ነርሷ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበችና ሌላስ ምን ይላሉ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሆድ ብሷት ስለነበር ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስፌት ቤት እንደማይነሳባት፣ ገበያ እንደማይነሳባት፣ ቅዳሜ ምንጣፍ ስትደበድብ እንደሚብስ፣ ሲያማት ከሳጥን በወጣ ሱፍ ሸፍነው የሚያስተኟት ክፍል ውስጥ ሽሏት እንደማያውቅ፣ ደጅ ስትወጣ እንደሚለቃት። ነርሷ ሐሜቱን ቃል በቃል ጻፈችው፤ ግማሽ ገጽ ሞላ። ስትጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«አማትሽ ጎበዝ ናቸው» አለች። «እኔ በምርመራ የምደርስበትን እሳቸው በሐሜት ደርሰውበታል።»

ከዚያ በቀላሉ አስረዳቻት። ደረት ውስጥ የአየር መተላለፊያ ቱቦዎች አሉ፤ አስም ያለበት ሰው ቱቦዎቹ ቁጡ ናቸው፣ ደህና በሆነችበት ቀን እንኳ በመጠኑ እንዳበጡ ነው የሚውሉት። የሚያስቆጣቸው ነገር ሲመጣ ይጠባሉ። አንዱን ጭስ ያስቆጣዋል፣ ሌላውን ብርድ፤ የአንቺን ያስቆጣው ምንጣፍና ሳጥን ውስጥ የከረመ ሱፍ ነው አለቻት፤ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነገሮች እዚያ ውስጥ ይራባሉ፣ ደረቅ መጥረጊያ ደግሞ ቀስቅሶ አየር ላይ ይበትናቸዋል። ስለዚህ በሽታው ሥራ አይመርጥም፤ አቧራ ነው የሚመርጠው። ይህን ብላ አንድ አጭር የላስቲክ ቱቦ አወጣች፤ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፣ ቀይ ምልክት ይሄድበታል፣ አፉ ላይ የካርቶን መንፊያ ይሰካል። በአንድ ትንፋሽ፣ ባለ በሌለ ኃይልሽ ንፊ አለቻት። ሦስት ጊዜ ነፋች፤ የተሻለው ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነ። ነርሷ ከሰማያዊው መድኃኒት ሰጥታ ሩብ ሰዓት ኮሪደር አስቀመጠቻት፤ መልሳ አስነፋቻት። ሦስት መቶ ሃምሳ።

«ሰነፍ ሰው በሩብ ሰዓት መቶ አይጨምርም» አለች ነርሷ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። አልደበቀችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷም በሆዷ ስትጠራጠር ኖራለች፤ ምናልባት ሰንፌ ይሆን፣ ምናልባት ሰውነቴ ያታልለኝ ይሆን እያለች። አሁን ቁጥር መሰከረላት።

ነርሷ መድኃኒቶቿን አሳዪኝ ስትላት ሌላ ጉድ ወጣ። ሰማያዊዋ አልቃ የተተካች ናት። ቡናማዋ ግን ከቦርሳው ግርጌ፣ በንጹሕ መሐረብ ተጠቅልላ፣ ማሸጊያዋ ሳይፈታ ተገኘች። የአራት ቀን ደሞዟን የበላች መድኃኒት ስለሆነች ለክፉ ቀን አስቀምጣት ነው። ነርሷ አሁን ሳቀች። ቡናማዋ ዘበኛ ናት አለቻት፤ ጠዋትና ማታ፣ ደህና በሆንሽበት ቀንም ሳይቀር ትወሰዳለች፣ የቱቦዎቹን እብጠት ቀስ በቀስ የምታበርደው እሷ ናት። አንቺ ዘበኛውን ቁም ሣጥን ቆልፈሽበት፣ ሌባ በገባ ቁጥር ጎረቤት እየጠራሽ ነው። ሱስም አታስይዝም፣ ከወሰድሽ በኋላ አፍሽን መጉመጥመጥ ብቻ ነው። እስቲ አወሳሰድሽን ልይ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ተጣድፋ ተጫነች፤ መድኃኒቱ በአፏ ዳር ጭስ ሆኖ ወጣ። ነርሷ ወደ ላይ እያየች ጣሪያው ታክሟል አለችና ከጠረጴዛው ላይ አንዱን የውሃ ላስቲክ አነሳች። መድኃኒቷን በተቆረጠው ቂጥ በኩል ሰክታ፣ የላስቲኩን አፍ በከንፈር ይዞ፣ አንዴ ተጭኖ፣ ከውስጡ በዝግታ መሳብና እስከ ዐሥር ቆጥሮ መያዝ አስተማረቻት። በመጨረሻም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ወረቀት ሰጠቻት፤ ምን ሲሆን ምን እንደምታደርግ ተጽፎበታል። ቀዩ ላይ በብዕር አሰመረችበት፤ ሰማያዊዋ አልሰማ ስትልሽ ብርድ ልብስ ውስጥ አትደበቂ፣ ሮጠሽ ነይ። የትንፋሽ መለኪያውንም ለሁለት ሳምንት አዋሰቻት፣ ከሦስት ትርፍ የካርቶን መንፊያ ጋር፣ ለሌላ ሰው አፍ ሌላ ካርቶን ብላ አስጠንቅቃ።

መርፌውን ለባለ ሜትሩ አድርሳ፣ የቀረባትን ጉርድ ቀሚስ ሰፍታ ወደ ቤት ስትመለስ የውሃ ላስቲኳን እንደ አበባ እቅፍ ይዛት ነው። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምትል ተለማመደች። «እማማ፣ ነርሷ እንዳለችው» ብላ ጀመረች፤ አልጣማትም። «እማማ፣ ጠዋት ያሉትን ሰምቻለሁ» ብላ ጀመረች፤ ይኼ ደግሞ ጠብ ይሆናል። ባሏ ቤት ደርሶ የዩኒፎርም ሸሚዙን ሳያወልቅ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ራዲዮም ወሬ ሸትቷት መጥታ ከአማቷ ጎን ተሰይማለች። ልብስ ሰፊዋ የተለማመደችውን ሁሉ ረስታ፣ መለኪያውን ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል አስቀመጠች። አማቷ መለኪያውን በጎን አዩት። ቀድሞ ያነሳው ባሏ ነው።

ሹፌር ቁጥር ያለው ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ምንድነው ብሎ ጠየቀ፤ ነገረችው፤ ካርቶን ቀይሮ ነፋ። ስድስት መቶ ዐሥር። ሚስቱ በመድኃኒት ሦስት መቶ ሃምሳ እንደነፋች ሲሰማ ትንሽ አዘነ፤ ከዚያ ኩራቱ አሸነፈውና ወደ ስድስት መቶ ሃያ ለማድረስ ጉንጩን ወጥሮ ደጋገመው። ራዲዮም ለእኔስ አለች፤ አራት መቶ ሠላሳ ነፋች። ይኼ ሁሉ ዓመት ስታወሪ ሳንባሽ ስፖርት ሲሠራ ኖሯል ብሎ ሹፌሩ ቀለደባት፤ ራዲዮም አልከፋትም፣ ቁጥሩን ሰፈር ይዛው ለመሄድ ትደጋግመው ጀመር። አንድ ካርቶን ቀረ። አማቷ እንቢ አሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ አልነፋም አሉ። ልጃቸው ጎተጎታቸው። በመጨረሻ ነገሩ እውነትም መጫወቻ መሆኑን ለማሳየት ብለው ተቀበሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ቆሙ፣ ነፉ።

መቶ ስድሳ።

ተበላሽቷል አሉ። ደገሙት፤ መቶ ሃምሳ ሆነ። ሦስተኛው መቶ ሰባ። ልጃቸው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። መለኪያውን ወስዶ በራሱ ካርቶን ነፋው፤ ስድስት መቶ ዐሥር አለ፣ አልተበላሸም። ልብስ ሰፊዋ አማቷን አየቻቸው። እንደ አዲስ አየቻቸው ማለት ይሻላል። ገበያ ሲሄዱ በየሱቁ ቆመው ዋጋ የሚጠይቁት፣ ሳይገዙ። ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ የሚቆዩት። ሲስቁ አፋቸውን ይዘው ቶሎ የሚያቆሙት። «ጉልበቴን» የሚሉት፣ ከጉልበታቸው ይልቅ ሁልጊዜ ደረታቸውን ይዘው። ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ይህን አለማየቷ ገረማት።

አማቷ ተቀመጡ። መለኪያውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው አገላበጡት።

«ያቺን ቃል እኔ አልፈጠርኳትም» አሉ። «የባሌ እናት ናቸው የተናገሯት። ይህን ልጄን እርጉዝ ሆኜ ነው፣ ለጎረቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው። መጥረጊያ ስታይ ነው የሚነሳባት አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ጠረግሁ። ሠላሳ ዓመት ጠረግሁ። ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚተነፍስ መስሎኝ ነበር። እኔ ችዬው የኖርኩትን አንቺ አልቻልኩም ስትዪ፣ ልጄ፣ አናደድሽኝ።»

ራዲዮ እንኳ ጸጥ ብላለች፤ ይህም በሰፈሩ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት የቋጠረችው ቂም በዚያች ቅጽበት የት እንደገባ አታውቅም፤ ፈለገችው፣ አጣችው። በቦታው ያገኘችው አንዲት እርጉዝ ወጣት ሴት፣ ከመስኮት ሥር ቆማ ሳሏን ስታፍን ነው።

«እኔም ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ እማማ» አለች ቀስ ብላ።

«ሳልሽን ሰምቼዋለሁ» አሉ አማቷ። «ታዲያ ሽንኩርቱን ለምን ጠየቅሁ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከዚያ አማቷ፣ ከዚያ ሁሉም። ሳቁ ሲበርድ ሰኞ ከሥራ በፊት ጤና ጣቢያ አብረው እንደሚሄዱ ተወሰነ። አማቷ ያቺን ሰማያዊ እስቲ አሁን ልሞክራት ብለው ነበር፤ ምራቲቱ ግን መጀመሪያ ነርሷ ትይዎት፣ የእኔን ለእርስዎ አልሰጥም ብላ በፍቅር ከለከለቻቸው። በምራትነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ ያለቻቸው ያኔ ነው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ቀጥለው ወደ ራዲዮ ዞረው፣ የጠዋቱን ወሬ ስንት ቤት እንዳደረሰች ጠየቋት። ራዲዮ ሦስት ቤት ብቻ ብላ ማለች። አሁኑኑ ሦስቱንም ቤት ዞረሽ አርሚ አሏት፣ ምራቴ ሰነፍ አይደለችም ብለዋል በዪ፣ መለኪያ አለን በዪ። ራዲዮ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ያንን የተመኘችውን ቃል ስትሰማ ብርጭቆ ማንሳት ጀመረች፣ ባዶውንም ሙሉውንም።

አማቷ ራሳቸው ሄደው የእንግዳ መቀበያውን መስኮት ከፈቱት። ስንት ዓመት ተዘግቶ ስለከረመ ገፍተው ገፍተው ነው የተከፈተላቸው። ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተኛች። ትንሽ አዩትና፣ ቢደበዝዝ ይደብዝዝ፣ የገዛውም ሰውዬ ይህን ያህል አልኖረበትም አሉ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው እንዲገባ፣ የሱፉም ብርድ ልብስ አብሮት እንዲሄድ፣ ወለሉም ከዛሬ ጀምሮ እንደ ስፌት ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ እንዲወለወል ተስማሙ። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማን? አማቷ ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አዩ፣ ምራታቸውን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸው ሻይ ጠጥቶ እግሩን የዘረጋው ልጃቸው ላይ አረፈ።

«ስድስት መቶ ዐሥር የነፋው ማን ነበር?»

ሹፌሩ ኩራቱ ገና አልበረደም ነበርና እኔ ነኝ አለ። ያን ጊዜ አልገባውም። መወልወያ ጨርቁን ከነባልዲው ሲያቀብሉት ግን ገባው፤ ትንፋሽ የተረፈው ያጽዳ ተባለ። አባቱ መጥረጊያ ነክተው እንደማያውቁ ሊያስታውስ ሞከረ፤ እናቱ አባትህም ስድስት መቶ ይነፉ ነበር፣ መለኪያ አጣን እንጂ አሉት። ምንጣፉን እያቃሰተ ጠቅልሎ አወጣ። ሁለቱ ሴቶች ከአቧራው ራቅ ብለው ደጁ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊዋ የማታውን ቡናማ መድኃኒት በላስቲኩ ስትስብ አማቷ በጣታቸው እስከ ዐሥር ቆጠሩላት። ከውስጥ ሹፌሩ ወለሉን ግማሽ ሳያደርስ ወገቤን አመመኝ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ነው የዋልኩት፣ ነገ ብጨርሰውስ እያለ ማጉረምረም ጀመረ። አማቷ ይህን ሲሰሙ ተነስተው ወደ ግንቡ ሄዱ። ሦስቱን ቤት አዳርሳ የተመለሰችውን ራዲዮን በስሟ ጠሯት፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ ልጃቸውም ሚስቱም እንዲሰሙ አድርገው ተናገሩ።

«ስሚ፣ የእሱም በሽታ የሚነሳው መጥረጊያ ሲያይ ነው።»

ተመልሰው ምራታቸው አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ፤ ትንፋሻቸው እንዳያጥራቸው ቀስ እያሉ፣ እያረፉ፣ ወለሉ ተወልውሎ እስኪያልቅ ድረስ።